«ወላሂ አላተርፍም!» ወይም እምነታችንን የምናወራበት ብቸኛው ቦታ

ነገሩ ወዲህ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነን። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዷል፤ ሾፌሩ ቀስ እያለ ይነዳል፤ ረዳቱ ሒሳብ ሰብስቦ ጨርሷል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ቪዲዮ ያያል። ጆሮው ላይ የሰካው ነገር የለም። ሁለት ሰዎች ስለ ሃይማኖት ይከራከራሉ። አንዱ ጥቅስ ይጠራል፤ ሌላው ይስቅበታል፤ ከዚያ «መልስ የለህም! መልስ የለህም!» የሚል ጩኸት መኪናዋን ይሞላታል።

መኪናዋ ውስጥ ሒጃብ የለበሱ አሉ፤ ማተብ ያሰሩ አሉ። ሁሉም ሰምቷል፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። አንዲት እናት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሾፌሩ የራሱን ቴፕ ድምፅ ጨመረ። ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ ድንገት የጤፍን ዋጋ አነሳ። ይሄኔ ሚኒባስ ሙሉ ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በአንድ ጊዜ ስለ ጤፍ ማውራት ጀመረ! እኔም አወራሁ። ስለ ጤፍ ያን ያህል ብዙ እንደማውቅ የተረዳሁት የዚያን ቀን ነው።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ልጁ ወረደ፤ እኛም ወረድን። ማንም አልተጣላም። «ይኸው ነው የወሎ ፍቅር» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጤን አንድ ነገር ይበላኛል። ፍቅር ከሆነ ለምን ፈራን?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከእናንተ መካከል ስንቱ ነው የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ የልብ ጓደኛውን «አንተ ግን ምንድን ነው የምታምነው? ስትጸልይ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀ? በዓሉን ስለማክበር አይደለም የማወራው፤ ዶሮውንና ገንፎውንማ አብረን ጨርሰነዋል። ስለ እምነቱ ነው። እጃችሁን አውጡ! አየሁ፤ የእኔም እጅ አልወጣም።

ሰኞ ገበያ ነው ያደግኩት። ሰኞ ገበያ ያደገ ሰው «መከራከር አላውቅም» ቢል ማንም አያምነውም። በገበያው ቀን ከየአቅጣጫው የመጣ ገበሬና ነጋዴ ደሴ ላይ ሲገናኝ፣ ለአንዲት ዶሮ ግማሽ ሰዓት ይከራከራል። ገዢው ዶሮዋን ያገላብጣታል፤ ያጣጥላታል። ሻጯ ትቆጣለች፤ ትምላለች። ገዢው ትቶ ይሄዳል። አሥር እርምጃ እንደሄደ «ና እንጂ! ምን ያስኮርፍሃል?» ይባላል፤ ተመልሶ ይመጣል። ክርክሩ እንደገና ይጀመራል። በመጨረሻ ሁለቱም «ተበላሁ» እያሉ፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ገበያ ፈጣሪ ስሙ የማይጠራበት ደቂቃ የለም። «ወላሂ አላተርፍም!» ይላል አንዱ። «ማርያምን! የገዛሁበት ነው» ትላለች ሌላዋ። ወሎ ነውና ክርስቲያኑም «ወላሂ» ሲል ትሰማላችሁ። እንግዲህ ጉዳችንን ተመልከቱ! እምነታችንን የማያምንበት ሰው ፊት በግልጽ የምንጠራው፣ ስለ ዶሮ ዋጋ ስንዋሽ ብቻ ነው ማለት ነው። ለእውነቱ ሲሆን አፋችን ይያዛል።

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ከሃያ ዓመት በላይ የማውቀው ጓደኛ አለኝ፤ ሙስሊም ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። (የአያቴ ስም ይማም ነው፤ ወሎዬ ለሆነ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።) አንድ ቤንች ላይ ተምረናል፤ አንድ ኳስ ላይ ተደባድበናል። እናቱን «እቴቴ» ነው የምላቸው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለ እምነት የተነጋገርነው ነገር ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም።

አንድ ማታ በስልኬ ቪዲዮ ላከልኝ። «እስቲ እየው» ይላል ከሥሩ። አየሁት። የእኔ ወገን የተባለ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ይንተባተባል፤ ሌላኛው ያላግጥበታል። ደሜ ፈላ። ግማሽ ሰዓት ፈልጌ፣ የእሱ ወገን የሚንተባተብበትን አግኝቼ ላክሁለት። እሱም ላከ፤ እኔም ላክሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ቪዲዮ ተለዋወጥን፤ ቆጥሬዋለሁ። ከአሥራ አንዱ ውስጥ የእሱም የእኔም ድምፅ ያለበት አንድም የለም። ከሃያ ዓመት ዝምታ በኋላ ስለ እምነት «ስንነጋገር» አፋችንን ለማናውቃቸው ሰዎች አከራየን። ከዚያ ተኮራረፍን። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በሳምንት ልዩነት ገቡ፤ ሁለታችንም እየጾምን፣ ሁለታችንም ስልክ ሳንደዋወል ወሩ አለቀ።

ዝምታችን ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ታሪክ አለው። ከደሴ በስተሰሜን፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ታላቅ ጉባኤ ጠሩ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኙ። መጀመሪያ የተከራከሩት ክርስቲያን ከክርስቲያን ጋር ነው፤ ካራ የሚባሉት ተዋሕዶዎች በአንድ ወገን፣ ጸጋ ወይም ሦስት ልደት የሚባሉት በሌላ ወገን። ክርክር ተባለ እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ የየትኛው ወገን እንደሆኑ የማያውቅ አልነበረም፤ ፍርዱም በዚያው ወደቀ። ቀጥሎ ተራው የወሎ ሙስሊም ሆነ። ባላባቱ ተጠመቅ፣ አለዚያ ሹመትህን ልቀቅ ተባለ። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ኢማም አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ። እንደ ሼኽ ጦልሐ ጃዕፈር ያሉት እምቢ ብለው ተነሡ። ብዙው ተሰደደ። ብዙው ደግሞ ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆኖ አደረ።

ያ ሚካኤል የተባሉት ሰው ኋላ ንጉሥ ሆነው ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽን አቆሙ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ደግሞ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረቡባቸው ክሶች ዋናው «ሰልመዋል» የሚል ነበር። በወሩ ሰገሌ ላይ የአባትየው ጦር ተሸነፈ፤ የስንቱ ደም ፈሰሰ። በሃይማኖት ትእዛዝ የቆመ ቤት በሃይማኖት ክስ ፈረሰ።

እንግዲህ አያቶቻችን ምን ተማሩ? ስለ እምነት መነጋገር ማለት ቦሩ ሜዳ ማለት እንደሆነ ተማሩ። የሚናገረው ባለሥልጣን ነው፤ የሚፈርደው ባለሥልጣን ነው፤ የተረታው ወይ ስሙን ይለውጣል ወይ አገሩን ይለቃል። ስለዚህ ብልሃት ፈጠሩ፦ ቡናውን አብረን እንጠጣ፤ ለቅሶውን አብረን እንድረስ፤ ሥጋውን ለየብቻ እንረድ፤ ስለ ቀረው ዝም። በዚህ ብልሃት ተጋብተዋል፤ ተዋልደዋል፤ እኔንም አምጥተውኛል። አልንቃቸውም። ቁስል ያለበት ሰው ቁስሉን ቢሸፍን አይፈረድበትም።

ነገር ግን ጎበዝ፣ ዝምታም ዋጋ አለው! ዋጋውንም ሁላችንም እኩል አልከፈልነውም። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ኢድ በኢትዮጵያ ብሔራዊ በዓል አልነበረም። ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባለ ይጠራ ነበር፤ በገዛ አገሩ እንደ ተከራይ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አዲስ አበባ ላይ ወጥቶ የሃይማኖት እኩልነትን ጠየቀ፤ ክርስቲያኖችም አብረው ወጡ። የሙስሊም በዓላት በካሌንደር ላይ የገቡት ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነው።

አሁን ጥያቄዬን ስሙኝ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ ደሴ ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አብረው የጠጡት ክርስቲያን ጎረቤቶች፣ የእኔ አያቶች፣ «አንቺ እህቴ፣ በዓልሽ የሥራ ቀን መሆኑ ምን ይሰማሻል?» ብለው ጠይቀው ይሆን? የእኔ ቤት ውስጥ ሲወራ አልሰማሁም። በፍቅር ነበር የኖርነው ሲባል ነው የሰማሁት። ፍቅሩ እውነት ነው። ግን ጎረቤቱ የሚያመው የት እንደሆነ የማይጠይቅ ፍቅር ግማሽ ፍቅር ነው። ሙሉ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ስብሰባ ላይ የምትወደደውን «መቻቻል» የምትባል ቃልም ልክሰሳት። የሚቻለው ምንድን ነው? ሸክም ይቻላል። ሕመም ይቻላል። ክፉ አማት ትቻላለች። ጓደኛዬ ግን የምችለው ነገር አይደለም! «እናንተ ወሎዬዎች እንዴት ትቻቻላላችሁ!» ሲሉን ደስ ብሎን እንስቃለን፤ ምን እየተባልን እንደሆነ ግን አናስብም። ተሸካክማችሁ ትኖራላችሁ ነው የተባልነው። ሸክም የደከመው ሰው ደግሞ አንድ ቀን ያወርዳል።

በነገራችን ላይ መቻቻላችን ሁለት ድረስ ብቻ ነው መቁጠር የምትችለው። ሙስሊምና ኦርቶዶክስ አቅፈን ፎቶ እንነሣለን፤ በሦስተኛ የመጣውን «ጴንጤ» ግን ቀልድ አድርገነው እናልፋለን፤ ሲሞት የሚቀበርበት ሲቸግረው የእኛ ጉዳይ አይመስለንም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደውንማ ተዉት። ሕገ መንግሥቱ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 27 የመረጥነውን እምነት የመያዝ ብቻ ሳይሆን የመግለጽና የማስተማርም መብት ሰጥቶናል። የእኛ ሰፈር ሕግ ግን አንድ አንቀጽ ብቻ ነው ያለው፦ የተወለድክበትን ያዝ፣ ስለ እሱም አታውራ።

እኛ ዝም ስንል ወሬው አልቆመም፤ ለሌሎች ተላለፈ። ደቡብ አፍሪካዊው አሕመድ ዲዳት በ1986 እ.ኤ.አ. ሉዊዚያና ውስጥ ከአሜሪካዊው የቴሌቪዥን ሰባኪ ጂሚ ስዋጋርት ጋር ተከራክሮ ነበር። ያ ክርክር በካሴት ተባዝቶ ዓለምን ዞረ። እኛም ጋ በቪሲዲው ዘመን የሁለቱንም ወገን «መልስ» የሚሸጥ ሱቅ አልጠፋም፤ ዛሬ ደግሞ ቲክቶክ ላይ በቀጥታ ስርጭት ሌሊቱን ሙሉ ይካሄዳል። መከራከራቸውን አልቃወምም። የምቃወመው አሠራሩን ነው። ተከራካሪው የሚያወራው ፊት ለፊቱ ላለው ሰው አይደለም፤ ከጀርባው ሆኖ ለሚያጨበጭብለት ነው። ሰኞ ገበያ ገዢው ትቶ ሲሄድ ከኋላ ይጠራል፤ እዚያ ግን ሰውዬው ሲሄድ «ሸሸ!» ተብሎ ይጨበጨባል። ቦሩ ሜዳ ማለት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በንጉሡ ዙፋን ላይ ተመልካቹ መቀመጡ ነው።

«ተው እባክህ፣ ዝምታው ይሻላል፤ ነገር አታንሣ» የምትሉኝን እሰማችኋለሁ። በዚህ ክልል ውስጥ ሞጣ ላይ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መስጊዶች ሲቃጠሉ አይተናል። ጎንደር ላይ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ለቀብር የወጡ ሙስሊሞች ተገድለዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ሃይማኖት አውሩ ማለት ቤንዚን ይዞ ክብሪት መጫር አይሆንም ወይ? ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ልብ በሉ፤ ሞጣም ጎንደርም ዘመናትን ቡና አብሮ የጠጣ ሕዝብ ነው የሚኖርባቸው። ቡናው ብቻውን አላዳነንም። አንድ ሰው ስለ ጎረቤቴ እምነት ክፉ ወሬ ይዞ ሲመጣብኝ «ውሸት ነው፤ እኔ ራሱን ጠይቄዋለሁ» ማለት የምችለው ጠይቄው ከሆነ ብቻ ነው። ካልጠየቅሁት በዝምታዬ የተወውን ባዶ ቦታ የመጀመሪያው ጯሂ ይሞላዋል።

በየንግግሩ የማይቀረውን የነጃሺን ታሪክም እኔ ላንሣው፤ ግን ሁሌ የምንዘለውን ክፍል። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ሐበሻ ሲደርሱ፣ አሳዳጆቻቸው ተከትለዋቸው መጡ። ክርስቲያኑ ንጉሥ «አሳልፌ አልሰጥም» አሉ። እዚህ ላይ እናጨበጭባለን፤ መድረኩም ያልቃል። ትረካው ግን አያልቅም። ንጉሡ ከመፍረዳቸው በፊት «ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ጃዕፈር የተባለው ስደተኛም ከሱረቱል መርየም አነበበላቸው። በማግስቱ አሳዳጆቹ ተንኮል አስበው «ስለ ኢየሱስ ምን እንደሚሉ ጠይቃቸው» አሉ። ንጉሡ ጠየቁ። ጃዕፈር ሊያባብል ይችል ነበር፤ ነፍሱ በንጉሡ እጅ ናት። አላባበለም። እምነቱ የሚለውን እንዳለ ተናገረ። ንጉሡም ሰምተው አላባረሩትም። እኛ ግን እንግዳ መቀበሉን ብቻ ወርሰን፣ ጥያቄውንም መልሱንም ጣልነው!

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ኢድ ደረሰ፤ መጋቢት ውስጥ፣ የእኛ ጾም መሃል። እቴቴ ራሳቸው ደወሉ። «ምነው ልጄ፣ ረሳኸን? ጾም ላይ እንደሆንክ አውቃለሁ፤ ሽሮህን በዘይት፣ በሌላ ድስት ሠርቼዋለሁ፤ ና!» አሉኝ። አፈርኩ። እሳቸው የእኔን ጾም ከነድስቱ ያውቁታል። እኔ የእሳቸውን የማውቀው ሳምቡሳውን ነው።

ሄድኩ። ሽሮዬን በላሁ፤ ጓደኛዬ ሥጋውን በላ። ቡና ተፈላ። ብዙ ዝም ካልን በኋላ እሱ ጀመረ። «አሁን የምር ልጠይቅህ። አምላካችሁ ሦስት ነው አንድ?» አለኝ። «አንድ ነው» አልኩ። «እሺ አስረዳኝ።» ልቀጥል ስል ቆምኩ። አሥራ አንድ ቪዲዮ ላይ የተዋጋሁ ጀግና፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በስመ አብ የምልበትን እምነት በራሴ አፍ አምስት ደቂቃ ማስረዳት አቃተኝ! የቻልኩትን አልኩ። ያልቻልኩትን «እዚህ ላይ አላውቅም፤ አባቶችን ጠይቄ እነግርሃለሁ» አልኩ። እኔም ጠየቅሁት፤ ቅድስት ማርያምን ምን ትሏታላችሁ ብዬ። በስሟ የተሰየመ ሱራ እንዳለ፣ 19ኛው እንደሆነ ነገረኝ። ሲገባኝ ለሃያ ዓመት «እነሱ ማርያምን አይወዱም» እያልኩ ነው የኖርኩት። እሱም ትርጉሙ የማይገባውን አያ ላይ ሲደርስ «ይሄን ዑለማ ጠይቄ ነው» አለ።

ታዲያ ተስማማን? አልተስማማንም። እኔ ክርስቶስ አምላክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሱ ነቢይ ነው ብሎ ያምናል። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ ትንሽ ነው የሚላችሁ ሁለታችንንም ያልሰማ ነው። «ሁሉም አንድ ነው» የሚለው ማባበያም ከዝምታው የባሰ ውሸት ነው። ግን ስወጣ ተኮራርፈን አልነበርንም። «ሰኞ ና፤ ያልጨረስነው አለ» አለኝ። ከኋላዬ ተጠራሁ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ያወጣኋቸው ጥቂት ደንቦች አሉ። ከመናገሬ በፊት እጠይቃለሁ። እምነቱን ስገልጽ እሱ ራሱ «አዎ፣ እንደዚህ ነው» እስኪል ድረስ አልተቸውም። ተመልካች ባለበት፣ ስልክ በተከፈተበት አልከራከርም። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። የእምነቴን እውነት ደግሞ እሱን ላለማስቀየም ብዬ አልቆርጥም፤ እሱም እንዲቆርጥልኝ አልፈልግም። ከባድ ነው? ከባድ ነው። ዶሮ መግዛትም ከባድ ነው፤ ግን ማንም ዋጋ ፈርቶ ባዶ ዘንቢል ይዞ ወደ ቤቱ አይመለስም።

እናንተም ሞክሩት። ከአንድ ሰው ጋር፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ስኒ ቡና። ቪዲዮ መላክ ክልክል ነው።

እኔማ ሰኞ ቀጠሮ አለኝ። አብሽሩ፤ ቸር እንሰንብት!